ማሾው እየረገፈ የተገኘ ስም

ግራር ውሃ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ መስፍን፣

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። «ሰላምታ አታብዙ፤ ጤናችሁን በአንድ መስመር ተናገሩና ወደ ጉዳያችሁ ግቡ» ይሉን ነበር። እንግዲያው እኔ ደህና ነኝ፣ አባቴም አለ፣ የሽንኩርት ንግዴም እንደነበረ ነው። ጉዳዬ የባለቤቴ የኢልያስ ነው። ስሙን ካነሱት ብዙ ጊዜ ስለሆነዎ እኔ ላነሳልዎ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ወር ከተማችን ማዘጋጃ ቤት ያገኘችበትን ሰባኛ ዓመት ለማክበር አዳራሽ ተጠርተን ነበር። መምህር ሷሊሕ፣ እርስዎ ደብረ ብርሃን ተቀምጠው የሚጽፉትን የግራር ውሃን ታሪክ አነበበልን። ወላሂ ጽሑፉ ያምራል። ጣሊያን መንገዱን ሲቀድ የጭነት መኪኖች ውሃ ለመሙላት ግራሩ ሥር ሲቆሙ፣ በግመል ጨው ይዘው የሚመጡትም እዚያው ሲያራግፉ፣ አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት ዳስ ስትጥል፣ በዳሷ ዙሪያ ከተማ ሲበቅል ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከንቲባዎቹን ተራ በተራ አነሱ። ኒም ያስተከሉትና ችግኝ የበላችውን ፍየል ከነባለቤቷ ያሰሩት ከንቲባ ጋ ሲደርስ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የቦኖ ውሃ ያስገቡት፣ ለጁምዓ ሰጋጁ ብለው የገበያውን ቀን ከዓርብ ወደ ሐሙስ ያዞሩት፣ ትምህርት ቤቱን ያሠሩት፣ ሁሉም አንድ አንድ ነገር ትተው እንዳለፉ ጻፉ። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ከንቲባ የነበሩበት ምዕራፍ መጣ። እርስዎ ትተው ያለፉት ሰላም ነው።

«በ2009 ዓ.ም. ወፍጮ ቤቱን ያቃጠለውና የሰው ሕይወት ያጠፋው ግለሰብ በሕዝባችን ጥንታዊ አውጫጭኝ ተለይቶ ለሕግ ቀረበ፤ ከተማችንም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሰላም ኖረች» ይላል። ግለሰብ። ሰዉ አጨበጨበ። ልጄ ኢክራማ ከጎኔ ነበረች። ስንወጣ እስከ ሰፈራችን ድረስ ቀድማኝ ሄደች። በር ላይ ስንደርስ ግን «እማ፣ አንቺም እኮ አጨበጨብሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁሉም ሲያጨበጭብ እጄ አብሮ ሄደ። እጄን በቆረጠው ብዬ አለቀስኩ፤ እሷ ግን አላባበለችኝም።

ጋሼ፣ ያንን ግለሰብ እርስዎ ከእኔ ቀድመው ያውቁታል። የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲያልፍ ወባ ጥሎት ጤና ጣቢያ ተወው ሾፌሩ፤ ሳይመለስለት ቀረ። ከየት ነህ ሲሉት «ከመኪና ላይ» ይል ነበር። ቀልዱ አልነበረም፤ እናቱንም አባቱንም አያውቅም። ኢልያስ የሚለው ስም ደግሞ እኛ እስላሞቹም ጋ እናንተ ክርስቲያኖቹም ጋ ያለ ስለሆነ የማን ወገን እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም። መታወቂያ ሰጥተው ማዘጋጃ ቤት የውሃ ሠራተኛ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። «ከየት መጣህ የሚልህ ካለ ወደ እኔ ላከው» ብለውት ነበር፤ ይህን እየደጋገመ ይነግረኝ ነበር። እኔን ሊያገባ ሲፈልግ ሰልሞ ቢመጣም አባቴ «ዘር ማንዘሩን ለማላውቀው ልጄን አልሰጥም» አለ። ሽማግሌ ሆነው ቤታችን የመጡት እርስዎ ነዎት። «አባት የለውም ካልክ ሱሌይማን፣ አባቱ እኔ ነኝ» ብለው ነው አባቴን ያሸነፉት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እየሰማሁ ነበር፤ ያን ቀን ከሰው ሁሉ ይበልጥ የወደድኩት እርስዎን ነው።

ወፍጮ ቤቱ በተቃጠለበት ሐሙስ ኢልያስ ምሳ እየበላ ሳለ ስልክ ደወሉለት። ጣሪያ ላይ ያለው የውሃ ታንከርዎ እያፈሰሰ ነበር። እጁን እንኳ በወጉ ሳይታጠብ ሄደ። ጭሱን መጀመሪያ ያየው ከእርስዎ ጣሪያ ላይ ሆኖ ነው። «ጋሼ፣ ወፍጮ ቤቱ እየነደደ ነው» ብሎ የጠራዎት እሱ ነው። ከመሰላሉ ዘሎ ወርዶ ሮጠ፣ የጋለውን የቆርቆሮ በር በባዶ እጁ ገነጠለ፤ ሽማግሌው ዘበኛ ግን ውስጥ አልቀው ነበር። ማታ እጁን በፋሻ ተጠቅልሎ ሲመጣ ያለቀሰው ለእጁ አልነበረም። «ትንሽ ቀደም ብል ኖሮ» እያለ ነው ያደረው።

የሆነውን ሁሉ ያስታውሳሉ። ወፍጮ ቤቱ የጋሽ ታከለ፣ ዘበኛውም የእናንተ ሰው። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት በግጦሽ ሰበብ ጎረምሶች ተደባድበው ስለነበር፣ ያቃጠለው ከእስላሙ ወገን ነው ተባለ። ሱቅ ተዘጋ። ከላይ ሰፈርም ከታች ሰፈርም መሣሪያ ወጣ። ፖሊስ አንዱን ጎረምሳ ሲይዝ ዘመዶቹ አስፋልቱን በድንጋይ ዘጉት፤ ፖሊስም ለቀቀው። ያኔ ነው እርስዎ አውጫጭኝን ያመጡት። አያቶቻችን በሬ ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል አገሩን ሁሉ ሜዳ ላይ አስቀምጠው፣ አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ እንዳይመለስ የሚያደርጉበትን። ገበያው ሜዳ ላይ ወንዱን ሁሉ ሰበሰቡት፤ እስላሙ በአንድ በኩል፣ ክርስቲያኑ በሌላ በኩል። እርስዎ መሀል ወንበር ላይ።

አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ አሁንም አልልም። ግን ወሩን ረሱት ጋሼ። ማሾ የደረሰበት ወቅት ነበር። ማሾ ደግሞ እርስዎም የቀወት ልጅ ነዎት፣ ያውቁታል፤ ፍሬው ከደረቀ ፀሐይ ሲያገኘው ይፈነዳና መሬት ላይ ይረግፋል፤ አንድ አንድ እያሉ ቶሎ ካልለቀሙት ዓመቱን ሙሉ የለፉበት ይቀራል። ወንዱ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ማሾው እየረገፈ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ኮስተር ብሎ «እውነቱ ይውጣ» ይል ነበር። ቀኑ ሲጨምር እውነቱ ቀረና «ይውጣና እንሂድ» ማለት ጀመሩ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ስሙ መጣ። በአውጫጭኝ ማን እንደተናገረ አይጠየቅም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይባላል፣ አለቀ። ወፏ ኢልያስ አለች። እጁ መቃጠሉን ያላየ የለም፤ ያ እጅ ምስክር ሆነበት። ክርስቲያኑ ከእስላሙ ወገን አንድ ሰው ይውጣ ብሎ ነበርና፣ ሰልሞ እስላም አግብቷልና፣ ወጣለት። የእኛዎቹ ደግሞ የእገሌን ልጅ ብለው ቢሰጡ ነገ ደም ይመጣ ነበር፤ ኢልያስ ግን ደም የሚመልስለት ወንድም የለውም። እስላምነቱ ለእነዚያ በቃ፣ ባዕድነቱ ለእኛ በቃ። አባቴ ከሽማግሌዎቹ መሀል ነበር። አንገቱን ደፋ፤ አልተቃወመም።

እኔ ግን አባቴን አልነበረም የማየው። የማየው እርስዎን ነበር። ኢልያስ ራሱ ወደ እርስዎ ዞሮ፣ ጭራሽ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። አሁን ይናገራሉ ብሎ ነው። «እኔ ቤት ነበር» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብዎ። መነጽርዎን አወለቁ፣ በነጠላዎ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ከዚያ «ሕዝቡ ከተስማማ፣ እንግዲህ ተስማምቷል» አሉ። ሰዉ ሲነሳ ልብሱን አራግፎ በቀጥታ ወደ ማሳው ሮጠ።

የዚያን ዕለት ቤትዎ መጣሁ። እትዬ ሐረገወይን በሩን ገርበብ አድርገው «የሉም ልጄ» አሉኝ። ጫማዎ በር ላይ ነበር። እሳቸው እያለቀሱ ስለነበር ምንም አላልኳቸውም፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ቂም የለኝም። ፖሊስ ጋ ሄድኩ፣ ምስክር አምጪ አሉኝ። ምስክሩ ከንቲባው ናቸው ስል ሳቁብኝ። ፍርድ ቤት ኢልያስ እርስዎ እንዲጠሩለት ለምኖ በጽሑፍ ተጠየቁ። «በዕለቱ ለጥገና መጥቶ ነበር፤ ሰዓቱን ግን በትክክል አላስታውስም» ብለው መለሱ። ሲነበብ ኢልያስ ዞሮ አየኝ። ተናዶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያፈረ ነው የሚመስለው፤ እኔ ፊት ለእርስዎ ያፈረ።

እንግዲህ ልዋሽዎ አልፈልግም፤ ከተማዋ አልነደደችም። አጣዬ ስትነድ ሰዉ በኢሱዙ ፍራሽና ሕፃን ጭኖ በእኛ በኩል ሲያልፍ ትምህርት ቤቱን ከፍተን ተቀበልነው፤ ምግብ ካበሰሉት አንዷ እኔ ነኝ። የላዩም የታቹም ሰፈር አብሮ ነበር የሚያበስለው። ሽማግሌዎቹ «ያ አውጫጭኝ ነው ያተረፈን» ሲሉ ሰምቻለሁ። የወንድሜ ልጆች በሕይወት አሉ። ሱቄ አለ። ባሌ ታስሮ በተገዛው ሰላም ሽንኩርት ሸጬ ልጄን አሳድጌያለሁ። ያን ቀን አፍዎን ከፍተው ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው ይሞት እንደነበር እኔ አላውቅም፣ እርስዎም አያውቁም። ስለዚህ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ ብዬ አልከስዎትም። ከዚያ ወዲህ ስላለው ቀን ሁሉ ነው የምከስዎት። ነገሩ በረደ፣ መሣሪያው ወደየቤቱ ገባ፣ እርስዎ ግን አሁንም ሰዓቱን አላስታወሱም።

ከተፈረደበት በኋላ ማረሚያ ቤት ልጠይቀው ስሄድ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጋሽ መስፍን አልመጡም?» ብሎ ነበር። «ሥራ በዝቶባቸው ነው» እለው ነበር። በኋላ መጠየቁን ተወ፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀለት መሰለኝ። ሳንባው ታመመ፣ ከሳ፣ የኢክራማን ፎቶ ላሳየው ብዬ ስሰጠው እጁ ላይ ያለው ጠባሳ ብቻ ነበር ከበፊቱ ኢልያስ የቀረው። አስከሬኑን ይዤ ስመጣ የሚቀብረው ያጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጋሼ፣ ከተማው እንዳለ ወጣ። የእኛዎቹ ጀናዛውን ለመሸከም ተሻሙ። ክርስቲያኑ ነጠላውን አዘቅዝቆ ከመቃብሩ በር እስከ አስፋልቱ ቆመ። ጋሽ ታከለ፣ ወፍጮ ቤቱ የተቃጠለበት ሰውዬ፣ አካፋ ተቀብሎ አፈር መለሰ። አባቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወድቆ ሁለት ሰው ደግፎ አነሳው። እኔ ሴት ነኝና ከሩቅ ነበር የማየው፤ ያን ሁሉ ሰው እያየሁ ግን ገባኝ። ሰው ለነፍሰ ገዳይ እንደዚያ አይወጣም። ሁሉም ያውቃል። ወደ ሐዘን ቤት መጡ፣ ተቀመጡ፣ «አላህ ያጽናሽ»፣ «እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ፤ ንጹሕ ነበር ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። እርስዎ ያኔ ደብረ ብርሃን ገብተው ነበር፤ በሰው እጅ ማጽናኛ ላኩልኝ።

ያቃጠለው ማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም። ቢነግሩኝም አልሰማም፤ የአንዷ ጎረቤቴ ልጅ ነው የሚሆነው፣ እኔም ዛሬ ሌላ እናት ላስለቅስ አልፈልግም። መጽሐፍዎንም እንዳሻዎ ያሳትሙ። ልጄን ግን «የአቃጣይ ልጅ» እያሉ ነው ያሳደጓት። ክፍል ውስጥ ክብሪት እየጫሩ ይስቁባት ነበር። አባቷ በዚያ ሐሙስ የት እንደነበር አልነገርኳትም። ልጅ ሳለች ብነግራት መንገድ ላይ ወጥታ ትጮኻለች ብዬ ፈራሁ። ካደገች በኋላ ደግሞ እኔ ብነግራት ምን ዋጋ አለው አልኩ፤ የእናት ቃል ነው፣ ሚስት ለባሏ የምትለው ነው ብላ ግማሹን ታምናለች፣ ግማሹን ትጠራጠራለች። የተጠራጠረችው ግማሽ ዕድሜዋን ሙሉ ይበላታል። ያለ ጥርጣሬ የምታምነው ሰው አንድ ብቻ ነው ያለው።

ኢክራማ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፤ ምድቧ ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ የምታውቀው ሰው ስለሌለ «ጋሽ መስፍን አሉልሽ፣ አስተማሪዬ ናቸው፣ ይህን ደብዳቤ ራስሽ ስጫቸው፤ መልስ ሳትቀበዪ እንዳትሄጂ» ብዬ ልኬያታለሁ። ሰላምታና አደራ የጻፍኩ ነው የሚመስላት። አልከፈተችውም፤ የሰው ደብዳቤ የምትከፍት ልጅ አይደለችም።

ስለዚህ አሁን ይህን ሲያነቡ ፊት ለፊትዎ ተቀምጣለች። የቆላ ልጅ ናት፣ ብርዱን አልለመደችውም፤ ትኩስ ነገር ይስጧት። ጨርሰው ቀና ሲሉ «እማዬ ምን አለች?» ትልዎታለች።

ይንገሯት።

ሐምዲያ ሱሌይማን
የኢልያስ ባለቤት