ገራሙ ሰማጭ

ናቲዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ አንተ አምባዛ፤

በጥምቀት ሰሞን ከተለየኸን ይኸው ዘጠኝ ወር ሞላ። ያለህበት ከእኛ እንደሚሻል ቄሱ ደጋግመው ስለነገሩን ስለ ጤናህ አልጠይቅህም።

እናትህ ደኅና ነኝ ትላለች። ከዘንዘልማ ወደ ከተማ ስትመጣ ግን ሚኒባሱ የዓባይን ድልድይ እስኪሻገር ዓይኗን ትጨፍናለች። ቤቷ ዓሣ ከገባ ቆየ። እኔ አሁንም የሆቴሉን መዋኛ ገንዳ እጠብቃለሁ። ቀልዴ ቀንሷል፤ እንግዶቹ አላወቁብኝም እንጂ አንተ ብትኖር ታውቅብኝ ነበር።

ለማንም ያልተናገርሁትን ልንገርህ። ዋና ማንም አላስተማረኝም፤ ጣናን እየጠጣሁ የለመድሁት ነው። አንተንም ሰማጭ አውጪ ላይፍጋርድ ያደረግሁህ በዚያው በራሴ መንገድ ነው። ጠዋት ገንዳው ሰው ሳይገባበት እኔ ሰማጭ እሆን፣ አንተ ታወጣኝ ነበር። "ኧረ ቁርሴን ሳልበላ!" እያልሁ ስሰምጥ ክንድህ በሳቅ ይዝል ነበር። "አያ፣ እርስዎን ከማውጣት ጉማሬ ማውጣት ይቀላል" ትለኝ ነበር።

ሰማጭን ከኋላው ያዘው ብዬህ ነበር። ግን ፊት ለፊት ስትመጣብኝም አቅፌህ እስቅ ነበር እንጂ አንድም ቀን አንገትህን ይዤ ወደ ታች አልጎተትሁህም። ገራም ሰማጭ ነበርሁ።

ያን እሑድ ከሆቴሉ ፊት፣ ሐይቁ ውስጥ፣ አንድ እንግዳ ድረሱልኝ ሲል ፊት ለፊት ሄድህለት። አንገትህን ይዞ ወጣብህ። እኔ ስደርስ እሱ ይተነፍስ ነበር።

አሁን ደግሞ እህትህ ማኅሌት በአንተ ቦታ ካልተቀጠርሁ አለች። እናትህ "ለሐይቁ አንድ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፣ ይበቃዋል" ብላ ከለከለች። ልጅቱ ግን በድብቅ ብቻዋን ሐይቁ ውስጥ መለማመድ ጀመረች። ይህን ስሰማ ትናንት ገንዳው ውስጥ አስገባኋት። እናትህም ተከትላ መጥታ ጠርዙ ላይ ቆመች።

አልቀለድሁም። ፊት ለፊት ስትመጣ አንገቷን በሁለት እጄ ይዤ ወረድሁ። ውሃ ጠጣች፣ ቧጠጠችኝ። አሳርፌ ደገምኋት፤ ሦስተኛም እንዲሁ። እናትህ ከላይ "አንተ ሰውዬ፣ ልጄን ልትጨርሳት ነው" አለች፤ ነገር ግን ውጪ አላለቻትም። በአምስተኛው ማኅሌት ትንፋሿን ይዛ አብራኝ ሰመጠች፣ በክንዴ ሥር ሾልካ ከኋላዬ ዞረች፣ አገጬን ይዛ እየጎተተች ጠርዝ አደረሰችኝ። እዚያ ተቀምጬ አለቀስሁ። እሷ ውሃ የጠጣሁ መስሏት ጀርባዬን ትደልቀኝ ጀመር።

ናቲዬ፣ ይህን ለአንተ ነበር ማድረግ የነበረብኝ።

ደብዳቤ አንተ ዘንድ የሚያደርስ ፖስታ ቤት ስለሌለ ነገ ለእናትህ አነብላታለሁ። እንዴት እንዳሠለጠንሁህ እሷ አታውቅም፤ ከእኔው አፍ ትስማው። ከፈለገች ታኩርፈኝ፣ ከፈለገች ደጇን ትዝጋብኝ። እኔ ግን ጉልበት እስካለኝ ድረስ የማሠለጥነውን ሁሉ መጀመሪያ ስምህን እነግረዋለሁ፤ ከዚያ አንገቱን እይዛለሁ።