አንድ ቃል እስክንሆን

ይድረስ ለእትዬ ሳባ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እትዬ? ወገብሽ እንዴት ነው? ባለፈው «ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ይይዘኛል» ብለሽ ጽፈሽ ነበር። እማዬ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ «እኔ ነኝ ይህን ወገብ ያወረስኳት» እያለች ደረቷን መታች። ይፍሩስ ደኅና ነው? የአሶሳ ሙቀት ከእኛው ይብሳል የሚባለው እውነት ነው ወይስ የሾፌሮች ወሬ ነው? ሰሊሆም የፊት ጥርሷ በቀለላት? እማማ ፋንታዬስ ዓይናቸውን እንዴት አደረጋቸው፤ ሐኪሙ የሰጣቸውን ጠብታ ያደርጋሉ ወይስ አሁንም «እግዜር ያውቅልኛል» ብለው ከትራስ ሥር አስቀምጠውታል? እኛ በጤና በኩል ደኅና ነን። በሌላው በኩል ደኅና ነን ብዬ ልዋሽሽ ግን ይህን ወረቀት አላነሳሁም።

ከውሸት ከጀመርን ደግሞ አንዱን አሁኑኑ ልናዘዝ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ስትደውዪ «የእማማ ወለቴ ባል የሠሩት መሣሪያ ወረቀቱ ወጣላቸው ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ተቋረጠ አይደል? አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ለሌላ ሰው ቢሆን አንድ ነገር ብዬ አልፈው ነበር፤ እማማ ወለቴ ግን የክርስትና እናትሽ ናቸውና መልሱን ከአፌ አውጥቼ መናገር አቃተኝ። ስለዚህ ይኸው በጽሑፍ፣ ከሥሩ ጀምሬ።

ማኅበራችን ሲጀመር ሰባት ሰዎች እንደነበርን ታስታውሻለሽ። ስማችን ረጅም ነው፤ «የፈጠራ ባለቤትነት ወኪሎች የሙያ ማኅበር»። ሥራችን ግን አጭር ነው፤ አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲፈጥር ሌላው ዝም ብሎ እንዳይቀዳበት የፓተንት ማመልከቻውን እንጽፋለን፣ ሥዕሉን እንስላለን፣ አዲስ አበባ እንልካለን። እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊው በላይ ያለችውን ክፍል የተከራየን ሰሞን ሰፈርተኛው ምን እንደምንሸጥ ግራ ገብቶት፣ አንዲት ሴትዮ ዘንቢላቸውን ይዘው ደረጃውን ወጥተው «ፓተንት የሚባለው በኪሎ ነው በፍሬ?» ብለውኛል። ያን ጊዜ እንስቅ ነበር።

የመጀመሪያው ሊቀ መንበራችን ጋሽ ደግፌ ነበሩ፤ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጡት፣ ያቺን ቡናማ ባርኔጣቸውን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ካልሆነ የማያወልቁት። ጋሽ ደግፌ ከጨንቻ ወገን ናቸው። እዚያ የአገር ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ሜዳ፣ በዱቡሻው፣ ድምፅ አይቆጠርም፤ ሁሉም በአንድ ቃል እስኪስማማ ድረስ ይወራል፣ ካልሆነ ይታደራል፣ እንደገና ይወራል። እሳቸውም ይህንኑ አምጥተው መተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንቀጽ ዘጠኝ አድርገው አጻፉት። «እጅ አውጡ ስትሉ የተሸነፈውን ሰው በዓይናችሁ እያያችሁ ነው የምትቆጥሩት፤ በማግስቱ በምን ፊታችሁ ሰላም ልትሉት ነው?» አሉን።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያሳደገን ይኸው አንቀጽ ነው። ሌሎች ማኅበራት በምርጫ ማግስት ለሁለት ሲሰነጠቁ እኛ ግን በሦስት ዓመት ከሰባት አሥራ ዘጠኝ ገባን። ከዩኒቨርሲቲው የወጡ ልጆች መጡ። ከሶዶ ጠበቆች መጥተው «ሳትጣሉ እንዴት ነው የምታድጉት?» ብለው ማስታወሻ ይዘው ሄዱ። ጋሽ ደግፌ «ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ አለ» ብለው ወንበሩን ሲለቁ አሥራ ዘጠኙም ሰው አንድ ስም ጠራ፤ የእኔን፣ የልክነሽን። አንቺም ያን ቀን ስልክ ላይ እልል ብለሽ ጆሮዬን ልታደነቁሪኝ ነበር።

የእማማ ወለቴ ባል፣ የጋሽ ኦይታ ነገር የመጣው ያኔ ነው። ላንቴ ቀበሌ ሙዝ ሲቆረጥ አንዱ ግንዱን ይመታል፣ ሌላው ከሥር ቆሞ ዘለላውን በትከሻው ይቀበላል፤ መሬት ከነካ ይበላሻላ። ከሥር የሚቆሙት ሠላሳ ዓመት ሙሉ እማማ ወለቴ ነበሩ። ትከሻቸው ወልቆ እጃቸውን ማንሳት ሲያቅታቸው ጋሽ ኦይታ ከቀርከሃና ከአሮጌ ብስክሌት ዕቃ ባለ ሦስት እግር ማውረጃ ሠሩ። ዘለላው በገመድ ተንጠልጥሎ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ በደረጃ ይወርዳል፤ ገመዱን ብትለቂው እንኳ እንዳይወድቅ የምትይዘው አንዲት ማቆሚያ አለችው፣ የጣት ያህል። መሐንዲሱ ናትናኤል፣ ከወጣቶቹ አባሎቻችን ቀልጣፋው፣ ያቺን ማቆሚያ ሲያይ ተንበርክኮ ነው የነካት። «ይህችን በመጽሐፍም አላየሁም፤ ይህች ፓተንት ካላገኘች ማን ሊያገኝ ነው?» አለ።

እኛ ግን ምን አደረግን? አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም እያለ ሲጨፍር እኛም የማኅበራችንን እድገት እናሳይ ብለን መስከረም 12 ቀን 2000 ዓ.ም. ላንቴ ላይ ድንኳን ተከልን። የወረዳው ሰው መጣ፣ የቀበሌው ሰው መጣ፣ ካሜራ ያንጠለጠለም መጣ። እማማ ወለቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆመው፣ ዘለላው ያለ ትከሻ ሲወርድ ሕዝቡ እልል አለ። ማመልከቻው ገና አልገባም ነበር። የሙያው ሰዎች እኛ ነን፤ መጀመሪያ አስገቡ፣ ከዚያ አሳዩ እያልን ለሌላው የምናስተምር እኛ ነን። ቢሆንም ሕጉ ባለቤቱ ራሱ ላሳየው ነገር አሥራ ሁለት ወር ይታገሣል። ስለዚህ ቢሮ ግድግዳ ላይ ባለው የሁለት ዓመት የቀን መቁጠሪያ የ2001ን መስከረም 12 በቀይ እስክሪብቶ ከበብኩና «አሥራ ሁለት ወር እኮ ዓመት ነው» ብዬ ተረጋጋሁ።

በጥቅምቱ ስብሰባ ነገር ተነሣ። ማመልከቻው ላይ ወኪል ተብሎ የማን ስም ይጻፍ? ጋሽ ደግፌ «የማኅበሩ ስም ነው እንጂ! የመጀመሪያው ትልቅ ሥራችን ነው» አሉ። ናትናኤል ደግሞ «ሥዕሉን የሳልኩት እኔ፣ በዚያ ጭቃ ሰባት ጊዜ ላንቴ የተመላለስኩት እኔ። ማኅበሩ እግር አለው እንዴ?» አለ። ጋሽ ደግፌም ባርኔጣቸውን አስተካክለው «እግር የለውም፤ አንተን ኢንጂነር ናትናኤል ብሎ ለአገር ያስተዋወቀበት አፍ ግን ነበረው» አሉት። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ልጆቹ ከናትናኤል፣ ሸምገል ያሉት ከጋሽ ደግፌ ጋር። አንቀጽ ዘጠኝ ነውና ድምፅ አይቆጠር። በኅዳር ተሰበሰብን፣ አልሆነም። በጥር፣ አልሆነም። ከፋሲካ በኋላማ ሁለቱ ሰላምታ አቆሙ፤ አንዱ ደረጃውን ሲወጣ ሌላው ልብስ ሰፊው ጋ ገብቶ ቁልፍ ያስተክላል።

እኔስ? እኔማ ታጋሽ ነበርኩ። ሁሉም «እንዴት ያለች አስተዋይ ሊቀ መንበር ናት፣ አትጫንም፣ አትቆጣም» ይለኝ ነበር፤ ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል እትዬ፣ ለአንቺ አልደብቅም። ሁላችንም ደግሞ በልባችን አንድ ነገር እናውቃለን፤ እኛ አገር ቂም ይዞ መስቀልን የሚውል ሰው የለም፣ ለመስቀል ይታረቃሉ። ቀዩን ክብ በየቀኑ አየዋለሁ። መስቀል 17 ነው፤ ክቡ ያለው 12 ላይ ነው። ይህንንም አውቃለሁ።

መስከረም 8 ቀን ጋሽ ደግፌ ቤት ሄጄ «አምስት ቀን አስቀድመው ይታረቁልኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝና «ልጄ፣ የተቻኮለ ዕርቅ ደጅ ሳይደርስ ይፈርሳል፤ በዓሉ ይምጣ፣ በጉ ይታረድ፣ ያን ጊዜ እንታረቃለን» አሉኝ። ወደ ናትናኤል ሄድኩ። እሱም «እሳቸው ሽማግሌ ይላኩብኝ፤ እኔ ልጅ ነኝ፣ እጠብቃለሁ» አለኝ። ማመልከቻው ተጽፎ አልቆ፣ ሥዕሉ ተያይዞ፣ ከማኅተሙ ጋር ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የወኪል ፈቃድ እኔም አለኝ። በራሴ ስም ፈርሜ ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ብሳፈር ሰኞ መስከረም 12 በር ሲከፈት አዲስ አበባ እደርስ ነበር። ማንም እጄን አልያዘም። «ሴትዮዋ ወንበር ስታገኝ ደንቡን ረገጠች» የሚለው ወሬ ሲቀላን ሲዞር ታየኝና ዓርብ ጠዋት ቤቴ ተቀመጥኩ።

ለመስቀል ታረቁ። እንዴት ያለ ዕርቅ መሰለሽ! ተላቀሱ፣ ጋሽ ደግፌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ናትናኤል ራስ ላይ ደፉለት፣ የሁለቱም ስም ይጻፍ ተባለ። አሥራ ዘጠኝ ሰው በአንድ ቃል። በማግስቱ፣ ቀኑ ቢያልፍም ምናልባት ብለን፣ ማመልከቻውን ላክን፤ እድገታችንን ይዩልን ብዬም የማኅበሩን መጽሔት አያያዝኩበት። በጥቅምት መጨረሻ መልስ መጣ። ለሕዝብ ከታየ አሥራ ሁለት ወር ስላለፈው አዲስነት የለውም ይላል። ማስረጃው የራሳችን መጽሔት ነው፤ እማማ ወለቴ እጃቸውን አጣምረው የቆሙበት ፎቶ፣ ከሥሩ ቀኑ፣ ከቀኑ ሥር «ማኅበራችን ሲያድግ» የሚል ጽሑፍ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጽሔቱን ባንልከውስ? ያው እውነቱ እውነት ነው፤ በሰው ሥራ ላይ የውሸት ቀን አልጽፍም ነበር።

አሁን ጫኖ ብትሄጂ ከብረት የተሠራ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ማውረጃ ታያለሽ። ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣው፤ ማቆሚያዋ ራሷ ናት፣ የጣት ያህል። ሰዎቹን ሌባ ማለት አይቻልም፤ የሚከለክላቸው ወረቀት የለማ።

ትናንት ቅዳሜ ለጋሽ ኦይታ ልነግራቸው ላንቴ ወረድኩ። ዝናቡ መንገዱን ስለበላው ባጃጁ መሃል ላይ ጣለኝ፤ በእግሬ ገባሁ። እማማ ወለቴ ሙዝ አቀረቡልኝ፣ ስላንቺ ጠየቁኝ። ጋሽ ኦይታ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ወሬውን ሲሰሙ የሰነበቱ መሰለኝ። ስጨርስ «ያን ጊዜ ማኅተሙ የት ነበር?» አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አልኳቸው። «አሁንስ?» አሉኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አልኳቸው። ቦርሳውን አዩት። ደግሞ «ሰዎቹ ግን ታረቁ?» አሉኝ። ታረቁ አልኳቸው። «እሰይ» አሉ። እትዬ፣ ምርቃት ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም።

ማውረጃው የት አለ ብዬ ዓይኔን ባንከራትት ቀርከሃው ለዶሮ ቤት አጥር ሆኗል። ጎረቤቶቻቸው ሰማያዊውን ገዝተው «ኦይታ ከእኛ አይተህ በቀርከሃ ቀዳህ አይደል?» እያሉ ሲስቁባቸው ነው አሉ የፈታቱት። ስወጣ ሙዝ ሊቆርጡ ገቡ። እማማ ወለቴ ነጠላቸውን አጣጥፈው በደኅናው ትከሻቸው ላይ አኖሩና ከሥር ቆሙ። ዞሬ አላየሁም፤ ድምፁን ግን ሰማሁት።

ማኅበሩንስ ብትዪኝ፣ ይፍረስ አልኩ። ለማፍረስም አንቀጽ ዘጠኝ ነው፤ ጋሽ ደግፌ «በእኔ ዕድሜ አይፈርስም» አሉ። ልውረድ አልኩ፤ ለመውረድም ሁሉም መስማማት አለበት፣ ሁሉም ደግሞ አይመጣም። መዝገቡ ላይ አሥራ ዘጠኝ ነን፤ ወንበር ላይ አምስት። ናትናኤል ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፣ ባርኔጣውን ልብስ ሰፊው ጋ ትቶት። እኔ እስከ መቼ እንደሆነ የማላውቅ ሊቀ መንበር ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ለእማማ ወለቴ ስትጽፊ፣ ደብዳቤሽን የማነብላቸው እኔው ነኝና፣ ስለ ወረቀቱ አትጠይቂያቸው። ስለ ትከሻቸው ጠይቂያቸው።

በይ፣ ነገ የነቢያት ጾም ይገባልና እማዬ ከእኔ ቀድማ ወጥ እየቀመሰች ነው፤ «ለልጄ እንዳልከሳሁ ጻፊላት» ትላለች። ይፍሩን ሰላም በይልኝ፤ ሙቀቱ ላይ ውኃ ያብዛ። እማማ ፋንታዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ጠብታዋን ከትራስ ሥር ያውጧት። ሰሊሆም ጥርሷ ከበቀለ ስቃ ፎቶ ተነሥታ ትላክልኝ፤ ከፎቶው ሥር ግን ቀን እንዳትጽፉበት።

እኅትሽ ልክነሽ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.