የምንባቡ ዋና ሐሳብ

ለማከብርዎት አክስቴ ሐቢባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ሐይቁም ከነዓሣው አለ። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ ትምህርት ቤታችን ተከፍቷል። መስኮት የለውም እንጂ ተማሪ አላጣም።

ሰኞ ስምንተኛ ክፍሎችን አንድ አጭር ምንባብ አስነበብኳቸው። ልጇ የዘመተባት እናት ማታ ማታ የእሱን እራት ከድና ታስቀምጣለች፤ ጠዋት ለውሻው ትሰጠዋለች። ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል። «ዋና ሐሳቡ ምንድን ነው?» አልኳቸው። አንዱ «ምግብ መባከን የለበትም» አለ፤ ሌላዋ «ውሻ ታማኝ ነው» አለች። እነሱስ ልጆች ናቸው። ሊገመግመኝ የመጣው ሱፐርቫይዘር ግን ከኋላ ተነሥቶ «ዋና ሐሳቡ ተስፋ ነው፤ የመምህሩ መምሪያም እንዲያ ነው የሚለው» አለኝ። ተስፋ! እራቱን ውሻ እንደበላው አላነበበም መሰለኝ።

አባባ ደህና ናቸው። ወንድሜ ባድሩ ከዘመተ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ቤታችን ዱዓ ይደረጋል። አባባ «ልጄን በሰላም መልስልኝ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን የሰዉ «አሚን» ቤቱን ያናውጠው ነበር። አሁን ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት እያዩ በሹክሹክታ ነው የሚሉት። ባለፈው ሐሙስማ ሼኹ «አላህ የሚበጀውን ያድርግ» ብለው አሳጠሩት። አባባ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

በሉ እንግዲህ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላም በሉልኝ። በዱዓዎ አይርሱን። የባድሩ ስም ሲነሣ ግን፣ አክስቴ፣ እርስዎ እንኳ አሚኑን ጮክ ብለው ይበሉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ ሉብና
ከሐይቅ