ለ«ሦስት ቁልፎች» አዘጋጅ፣ ካልተመረጠው ቤት

ለክቡር የ«ሦስት ቁልፎች» የቴሌቪዥን ፕሮግራም ዋና አዘጋጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም የዚያ የሰው ዐይን የሚያጠፋ ትልቅ መብራትዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ ከጉልበቴና ከደረጃዬ ጠብ በስተቀር ደህና ነኝ፤ የእርስዎንም ደህንነት ዘወትር እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፕሮግራምዎ ሲጀምር፣ ቴሌቪዥኔ ፊት ተቀምጬ እመኛለሁ። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ግን አይጨነቁ፣ አያስታውሱኝም። ባልና ሚስቱ ሕፃን ልጃቸውን ይዘው፣ ከሦስት ቤት የሚከራዩትን አንዱን ሲመርጡ በታዩበት ዝግጅት ላይ ሁለተኛው ቤት የእኔ ነበር። እኔ ራሴማ አልታየሁም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ ለብቻዎ ብልክልዎ ሥራ ይበዛብዎና ሳያነቡት ይቀራል ብዬ ስለሠጋሁ ነው። አሁን ግን ሌላ ሰው አንብቦ ይነግርዎታል።

መቼም ማን እንደምትወቅስዎ ማወቅ መብትዎ ነውና ልንገርዎ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት መጋረጃ ሰፍቼ ነው። መጋረጃ ሰፊ ደግሞ ሰው ቤት ሳይገባ አይሰፋም፤ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ የስንቱን ሳሎን፣ የስንቱን መኝታ ቤት መስኮት ለክቻለሁ መሰለዎ! እኔ መስኮት ስለካ ሰዎቹ እንደሌለሁ ቆጥረው ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ልጃቸውን ይቆጣሉ፤ እኔም አላየሁም አልሰማሁም እያልኩ ሁሉን አይቼ፣ ሁሉን ሰምቼ፣ ማታ ለባለቤቴ አንድ ሳላስቀር አወራለታለሁ። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ መሰላል መውጣት ሲያቅተኝ ሥራውን ተውኩት። ከሁሉ በላይ የቀረብኝ የሰው ቤት መግባቱ ነበር። ያኔ የእርስዎ ፕሮግራም ደረሰልኝ፤ ለዚህስ ከልቤ እግዜር ይስጥልኝ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ቤትም የሚመርጠው እንደ መኪና ማቆሚያ ነው፤ በሩ ሰፊ ከሆነና መዞሪያ ካለው ለእሱ ቤተ መንግሥት ነው። እኔ ደግሞ በመስኮቱ ነው የምመርጠው። ስለዚህ አንድም እሑድ ተስማምተን አናውቅም። ቤት ፈላጊዎቹ ገና መጀመሪያው ቤት ሲገቡ እሱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «አትግባ አንተ ሞኝ፣ ጣሪያው ያፈሳል!» ይላል፤ እኔ «ከዚህ ተቀምጠህ ማፍሰሱን በምን አወቅህ?» እለዋለሁ፤ ፕሮግራሙ እስኪያልቅ እንዲህ ስንነታረክ እንቆያለን። ሁለት ሰው በአንድ ማጠቢያ ፊቱን ሊታጠብ አይችልም የሚሉ ባልና ሚስት ሲመጡ ግን ጠባችንን ትተን አብረን እንስቃለን፤ እኛ አራት ነፍስ ሆነን በአንድ ቧንቧ ነው ያደግነውም ያሳደግነውም።

ክቡርነትዎ፣ ሰው ይህን ፕሮግራም ለምን እንደሚወደው ባለሙያ ቀጥረው እንደሚያስጠኑ ሰምቻለሁ። ለምን ይደክማሉ? እኔ ልንገርዎ። የሰው ቤት ገብቶ፣ ቁም ሣጥን ከፍቶ፣ «ኤዲያ፣ ይሄስ አይሆንም» ብሎ መውጣት፣ ያውም ከወንበር ሳይነሡ፣ ደስ ይላል። ደግሞም እነዚያ ሰዎች ባዶ ክፍል መሀል ቆመው «አልጋው እዚህ፣ ጠረጴዛው እዚያ» እያሉ ያልኖሩትን ኑሮ በጣታቸው ሲያሳዩ፣ የሚያያቸውም ሰው ዕቃውን ተሸክሞ አብሯቸው ይገባል። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ታዲያ የሁለታችንንም ወገን የማወራው እኔው ነኝ፤ ጣሪያው ያፈሳልም እላለሁ፣ በምን አወቅህም እላለሁ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ቤቴ ባለ አንድ ፎቅ ነው። የምኖረው ታች ነው፤ ላዩ ሴቷ ልጄ አግብታ፣ ወንዱም ሥራ ተከትሎ ሌላ ከተማ ከሄደ ወዲህ ባዶውን ነው። ልጄ በደወለ ቁጥር «ለመጋዘን አከራዪው፣ መጋዘን አይረብሽሽም» ይለኛል። እኔ ግን መረበሽ ነው የምፈልገው! ከራሴ በላይ ኮቴ መስማት ነው የምፈልገው፤ ሕፃን ሲሮጥ፣ ወንበር ሲጎተት፣ እኔም በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን መታ መታ አድርጌ «ኧረ ቀስ በሉ!» ብዬ ስቆጣ። ይህን ለልጆቼ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም፤ ሰምተው እንዳያዝኑብኝ። እንግዲህ ያቺ ቀጭኗ አስተባባሪዎ በሬን አንኳኩታ «እማማ፣ ፎቁ የሚከራይ ከሆነ ለቤት ፈላጊዎቻችን እናሳየው?» ስትለኝ ምን እንደተሰማኝ መገመት አያቅትዎትም። ልጅቷን ስሜ አስገባኋት።

ከዚያ ወዲያ ስለሆነው ነገር ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ቤቴን ለማሳየት እኔን ከቤቴ ስላስወጡኝ። ቤቱ ሰው የማይኖርበት መምሰል አለበት ተባልኩና ቀረጻው እስኪያልቅ ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። በርጩማውን በትሕትና ያቀረበልኝ ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ ነው፤ በርጩማው የራሴ ቢሆንም ለመስተንግዶው አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ መጋረጃዎቼ ብርሃን ይከለክላሉ ተብለው ስለወረዱ። መጋረጃ ብርሃን የሚከለክል መሆኑን ይህን ሁሉ ዘመን ስሰፋ ሳላስተውለው ኖሬ በስተርጅና ከባለሙያዎችዎ ስለተማርኩ ዕውቀት አይናቅም ብያለሁ። መልሰው ሲሰቅሏቸው ውስጡን ወደ ውጭ አድርገው ነው የሰቀሏቸው። እስካሁን እንደዚያው ናቸው፤ መሰላል አልወጣም ብዬዎታለሁ።

ሦስተኛ፤ ወደ ፎቁ መውጫው በሳሎኔ በኩል ስለሆነ፣ ሳሎን የተሰቀለው የባለቤቴ ፎቶግራፍ ተመልካችን ቅር እንዳይለው ተብሎ ወጥ ቤት መደርደሪያ ውስጥ፣ ከብርጭቆ ጋር ተቀመጠ። ሲሄዱም እዚያው ረሱት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የእርስዎ ሰዎች ግን ጨዋ ናቸው፣ አጥሬን ጫፉን አልነኩም።

አራተኛ፤ ይህ ስለ ልጅቷ ነው፤ ስለ ሕፃኗ እናት ማለቴ ነው። ካሜራው እየተከተላት ፎቁን ስትዞር በተከፈተው መስኮት ድምጿን እሰማ ነበር። ከጓሮ በኩል ያለችው ክፍል ስትገባ ማብሪያውን አጥታ ግድግዳውን ስትዳብስ፣ ችዬ ዝም ማለት አቃተኝና «ከበሩ ጀርባ ነው የኔ ልጅ!» ብዬ ከታች ጮህኩ። ቀረጻው በእኔ ምክንያት ተቋርጦ እንደገና ስለተጀመረ እዚህ ላይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዕረፍት ሲሆን ልጅቷ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ጓሮ ወረደችና አጠገቤ ተቀመጠች። ሕፃኗ ከአንገቴ ላይ ሜትሬን ጎትታ ጫፉን ማኘክ ጀመረች። እናትየው ቀና ብላ መስኮቱን እያየች «እማማ፣ ያቺ ክፍል እኮ ለልጄ ትሆናለች፤ የጠዋት ፀሐይ ታገኛለች» አለችኝ። ልብ ይበሉ ክቡር ሆይ፣ ካሜራ አልነበረም፤ ማንም እንዲህ በይ አላላትም። ቀጥሎ ባሏ ጠራትና ተነሥታ ሄደች።

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ ይላሉ። እኔ ግን ሳልታዘል አመንኩ። ሲሄዱ ጊዜ ሣጥኔን ከፍቼ ያስቀመጥኩትን ቢጫ ጨርቅ አወጣሁ፤ ያንን ጠላቴን ደረጃ ግድግዳውን እየያዝኩ ወጥቼ የጓሮዋን ክፍል መስኮት ለካሁ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንደ ድሮው ስለማይሆንልኝ ጎረቤቴን የፀጉር አስተካካዩን ሚስት ጠራኋትና እያስገባችልኝ ሰፋሁት። «ለማን ነው?» ብትለኝ «ለላይኞቹ» አልኳት። እስኪ አሁን፣ ገና ላልገባ ሰው «ላይኞቹ» ይባላል?

አምስተኛ፤ ዝግጅቱ የተላለፈ ዕለት ፀጉር አስተካካዩን፣ ሚስቱንና ፊት ለፊት ያለችውን መምህርት ሻይ ጠርቼ አብረን ተቀመጥን። ቤቴ የታየው ሻዩ ተቀድቶ ሳይጠጣ ነው። አቅራቢዎ «ታሪክ ያለው ቤት» አለው፤ አሮጌ ማለት እንደሆነ ከእርስዎ ፕሮግራም ተምሬያለሁና ገባኝ። ልጅቷ ደረጃው ጠባብ መሆኑን ተናገረች፤ እውነቷን ነው። ስለ ጓሮዋ ክፍል ምንም አልተነሣም፤ እሱም ይሁን። ከዚያ ሦስተኛው ቤት ሲመጣ ባልና ሚስቱ በሩ ላይ ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ በሕይወታቸው ቤት አይተው የማያውቁ ነው የሚመስሉት። ልጅቷ ወደ ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ ባሏ አዙራ እያወራች፣ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ሳታይ ሳትዳብስ መብራቱን አበራችው። እኔ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ የዳበሰችው ልጅ! እንዲህ ያለ እጅ ያለን ሁላችንም የየራሳችን ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ ቤቱን እያደነቁ ነበር፤ እኔ ሻይ ልጨምር ብዬ ወጥ ቤት ገባሁና ትንሽ ቆየሁ።

በማግስቱ ቢሮዎ ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ልጅ፣ ባለ ሳቋ፣ ሰዎቹ ሦስተኛው ቤት ቀድመው ይኖሩ እንደሆነ ጠይቄ ሳልጨርስ «እማማ፣ እሱማ የታወቀ ነው እኮ! መጀመሪያ ቤት ይዘው የገቡ ሰዎች ነው የምንፈልገው፤ ከዚያ ሁለት ቤት ፈልገን እንጨምርበታለን» አለችኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅምና ኋላ ደንግጣ ለማንም እንዳልናገር ለመነችኝ። እኔም ቃሌን ጠብቄ፣ ከዚህ ከግልጽ ደብዳቤ በስተቀር፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ይህን ሁሉ እሑድ እኔና ባለቤቴ የተነታረክነው፣ ተኳርፈንም የምናውቀው፣ ሰዎቹ አልጋቸውን ዘርግተው በገቡበት ቤት ነው ማለት ነው። እሱ ቢኖር ኖሮ ወንበሩን እየደበደበ ይስቅ ነበር። እኔ ብቻዬን መሳቁ አልሆነልኝም።

ስድስተኛ፤ ከዚያ ወዲህ ስላልመጣችሁ።

ይኸኛው ከላይ ካሉት ጋር የማይሄድ መስሎ ቢታይዎ አልፈርድብዎትም፤ እኔም ሳልጽፈው ላልፍ ነበር። በቀረጻው ቀን ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ከለቅሶው ወዲህ ቤቴ ያን ያህል ሰው ገብቶበት አያውቅም። አንዱ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው ይላል፣ ሌላው ብርጭቆ አጥቦ ይደፋል፣ ደረጃው ሲንቋቋ ይውላል፤ ድምፅ ቀጂው ጭቃ ጫማውን ይዞ ምንጣፌ ላይ ሲወጣ «አንተ ልጅ፣ እግርህን!» ብዬ እንደ ልጄ ተቆጣሁት፣ እሱም እንደ ልጄ «እሺ እማዬ» አለኝ። የዚያን ዕለት በደንብ ተኛሁ። አሁን ማቀዝቀዣው ሲነሣና ሲያርፍ ድምፁን እየጠበቅሁ ነው የምውለው። ብቻዬን ነኝ። በጨዋ ደብዳቤ አባባል አሳምሬ ልጽፈው ብዙ ሞከርኩ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም።

ስለሆነም የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛ ቤት የምታደርጉትን ሰው ቤቱ እንደማይመረጥ አስቀድማችሁ ንገሩት። ቤቱን ማሳየት የሚፈልግ እያወቀም ያሳያል፤ ቢያንስ ጨርቅ አይቀድድም፣ ጎረቤት አይጠራም፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር «እነሱ ናቸው» ብሎ አይነሣም።

ስላስተማሩኝ፣ ስላስወጡኝ፣ መልሰውም ስላስገቡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ደረጃ፣ ከላይዎም ከታችዎም ሰው የማይጠፋበት ቤት እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከጉልበት ሕመም ጋር፣

የሁለተኛው ቤት ባለቤት
መጋረጃ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፤ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ያቺ ቀጭኗ አስተባባሪዎ ደውላልኝ ነበር። ሌላ ባልና ሚስት እንደተገኙና አሁንም ሁለተኛ ቤት እንደጎደለባችሁ ነገረችኝ። ልጆቼ ቢሰሙ ይቆጡኛል፤ ግን እሺ ብያታለሁ፣ ይምጡ። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፤ ሰዎቹ ቤቱን ሊይዙት የሚችሉ መስለው ይምጡ። ማስመሰል ለእናንተ እንግዳ ሥራ ስላልሆነ አይከብዳችሁም። እኔም ምንም የማላውቅ መስዬ በሩን እከፍትላቸዋለሁ።