ሦስት ጣት ትርፍ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ሆነልዎ? ዓይንዎስ፣ መርፌ ላይ ክር ለመሰካት አሁንም ያስቸግርዎታል? መቼም ደህንነትዎን የምሰማው ከእማዬ አፍ ነው እንጂ እርስዎማ ስልክ ላይ ከመጡ ሁለት ዓመት አለፈዎት። እኔ ከተላጠው ታፋዬ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ግማሽ ማራቶን ሮጥኩ። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፤ እኔ፣ ሲልኩኝ «መጣሁ» ብዬ ደጃፍ ላይ የምቀረዋ ልጅዎ። ነገሩን ያመጡብኝ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ባልደረቦቼ ናቸው። የአገርሽ ሰው ሁሉ ሯጭ ነው ብለው ሳይጠይቁኝ አስመዘገቡኝ። እምቢ ለማለት አፍሬ፣ አንሶላ ስተኩስ ውዬ ስወጣ ስሮጥ ስድስት ወር ከረምኩ።

የለበስኩት እርስዎ የሰፉልኝን ቁምጣ ነው። እማዬ በሰው እጅ ስትልከው፣ «ስለ ሩጫው ስነግረው ዝም ብሎ ቆርጦ ሰፋው» አለችኝ። እኔም ታቅፌው ብዙ አሰብኩ። አባቴ ታርቆኝ ነው ወይስ እማዬ ነዝንዛው? ሳልሰናበትዎ አገር ጥዬ መሄዴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፊትዎን ካየሁ እንደምቀር ስላወቅኩ ነበር።

እስከ አሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ደህና ነበርኩ። ከዚያ የቁምጣው የውስጥ ስፌት ታፋዬን ይፈትገኝ ጀመር። እውነቱን ልንገርዎና ተናደድኩ። እጁ የማይስት ሰው፣ ቂሙን ነው የሰፋብኝ አልኩ በልቤ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ጥዬ ልወጣ ስል እልህ ያዘኝና እያነከስኩ ጨረስኩ። ከኋላዬ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱም አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች።

የማጠቢያው አለቃችን፣ ደግ ሴት ናት፣ ፎጣ ይዛ መጨረሻው ላይ ጠበቀችኝ። ክፍሌ አድርሳኝ፣ ለቁስሌ ቅባት ሰጠችኝ። ቁምጣውን ገልብጣ አየችና «የላጠሽ ይሄ ሁሉ ትርፍ ጨርቅ ነው፤ ቆርጬ ልጣለው» ብላ መቀስ አነሳች። ያኔ እኔም አየሁት። በስፌቱ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ጣት።

አባዬ፣ ከስፌት መኪናዎ ሥር ቁጭ ብዬ ትርፍ ስቆርጥልዎ አይደል ያደግኩት? መንገደኛ ሲያሰፋ፣ ይሄ ተመልሶ አይመጣም፣ ቁረጪው ይሉኝ ነበር። ለሚመለሰው ግን ሲወፍር ይሰፋለታል ብለው ሁለት ጣት ያስተዉኝ ነበር። ለእኔ ሦስት ነው የተዉልኝ።

«አይቆረጥም» አልኳት። መቀሱን ቀምቻት ስንሰቀሰቅ ቁስሉ የጠናብኝ መስሏት ደነገጠች።

እማዬን ቁምጣው ልክ ነው ብለው ያስደስቱልኝ። ታናሼ ጨዋታውን ትቶ ክር ይሰካልዎ። አክስቴን፣ አንደኛ ወጣች ብላ ለሰፈሩ እንዳታወራ አደራ ይበሉልኝ። ለእርስዎ የምለው አንድ ነው፤ የዓመት ፈቃዴን ጠይቄያለሁ፣ ሜትርዎን አንገትዎ ላይ አድርገው ይጠብቁኝ።

ትርፍ ቆራጯ ልጅዎ

ከማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ፣ እሑድ፣ ጥቅምት 17 ቀን