ሳልቀምስ የጋገርሁት የኮክ ዳቦ

ይድረስ ለየሺዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ አንቺ ካለሽበት ሕመም የለም ይላሉ። የእኔን ከጠየቅሽ ጉልበቴ እንደ ቀድሞው ያስቸግረኛል፣ መነጽሬንም እንደ ቀድሞው ስፈልገው እውላለሁ፤ ልዩነቱ፣ ግንባርህ ላይ አይደለም ወይ የሚለኝ ሰው የለም። መጪው ጥቅምት ከተለያየን ሁለት ዓመት ይሞላናል። ሰዉ ሁሉ ቀስ በቀስ ትለምደዋለህ ብሎኝ ነበር። ውሸታቸውን ነው የሺዬ። አልለመድሁትም፤ እንዲያውም ናፍቆቱ ብሶብኛል።

የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ትንሿ ልጃችን ፍቅርተ ከፋሲካ በኋላ አገባች። ባሏ ጌትነት ይባላል፤ የታች ጋይንት ልጅ ነው፣ የሚኖሩትም አርብ ገበያ ነው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ብቻ ዝምታው ይገርማል። አንቺ ብትኖሪ በሁለት ቀን ታስለፈልፊው ነበር። ወንዱ ልጃችን ደሳለኝ ያው ወገዳ ነው፤ መንገዱን ሲራገም ይኖራል። ሰናይት ደብረ ታቦር ሆና በስልክ ታዘኛለች። በሉ ወይ፣ ካፖርትዎን ደረቡ ወይ፣ መድኃኒቱን ዋጡ ወይ፤ የበኩር ልጅነቷ በእኔም ላይ ሆኗል። ጓሮ ያለችው ኮክሽ ደግሞ ዘንድሮ ለጉድ አፍርታለች፤ ቅርንጫፏ እንዳይገነጠል በባላ ደግፌዋለሁ።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ነገር ልግባ። ነሐሴ አሥራ ስድስት፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ልጆቹ ከያሉበት መጥተው እዚሁ መካነ ኢየሱስ ቤታችን ነበር የሚፈስኩት፤ ያስለመድሻቸው አንቺ ነሽ። ከዶሮው በኋላ ያ የኮክ ዳቦሽ ካልቀረበ ጾሙ የተፈታ አይመስላቸውም። አምና ግን ማንም አልመጣም። ሁሉም ባለበት ፈታ፣ እኔም እንቁላል ጠብሼ ብቻዬን ፈታሁ። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ ሰናይት ደወለችና፣ በዓሉን እኛ ቤት እናድርገው፣ እርስዎም በዚያው እኛ ዘንድ ይቅሩ፣ ቤቱም ይዘጋ፣ ለማን ብለው ነው ብቻዎን የሚቀመጡት አለችኝ። ክፋት የላትም፤ አዝናልኝ ነው። እኔ ግን ቤታችን ይዘጋ ሲባል አንቺን ሁለተኛ የቀበርሁሽ መሰለኝ። ሳላስበው ምን ብል ጥሩ ነው? የኮክ ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ፣ ኑ አልኋት! ሳቀች። እሺ እንመጣለን፣ ያልሆነ እንደሆን ግን ይዘንዎት ነው የምንመለሰው ብላ ቆረጠች።

እኔ አልገርምሽም? ዕድሜ ልኬን ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ፣ ሊጥ ነክቼ የማላውቀው ሰውዬ!

ያን ዳቦ ያመጣሽበት ክረምት ትዝ ይልሻል? ዓይንሽን ልትታከሚ ባሕር ዳር ሰንብተሽ፣ ያረፍሽባት ሴትዮ ናት ያሳየችሽ። እሷ በእሽግ የሚመጣ ለስላሳ የፈረንጅ አይብ ነበር የምታደርግበት። አንቺ ግን ቤትሽ ስትገቢ፣ የኛ አይብ ምን ጎደለው ብለሽ በራስሽ አይብና በራስሽ ኮክ ሠራሽው። ሊጡን በጠርሙስ ዳምጠሽ፣ አይቡን ከስኳርና ከእንቁላል ጋር መትተሽ መሐሉ ላይ አፍስሰሽ፣ ኮኩን በስሱ ቆርጠሽ ደርድረሽ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈሽ፣ ብረት ድስት ውስጥ አስገብተሽ ከላይም ከታችም ፍም አደረግሽበት። እኔ ደግሞ አይብ ከጎመን ጋር እንጂ ከኮክ ጋር ምን አገናኘው፣ የልጅ ጨዋታ ነው እያልሁ አላገጥሁብሽ። እያላገጥሁ አራት ቁራሽ በላሁ። ከዚያ በኋላም ያን ሁሉ ዓመት ስበላው ጣፈጠኝ ብዬሽ አላውቅም፤ ቢበዛ፣ የቀረ አለ ወይ ነው የምልሽ። ምላሴን ምን ያዘው? እጅሽ ይባረክ ማለት ምን ይከብድ ነበር? ይኸው አሁን ያንገበግበኛል።

ይህ ቀላል ነው፣ ቆሞ ያየ ሰው ይሠራዋል ትይ ነበር። እኔም ስንት ክረምት ማጀቱ በር ላይ በርጩማ አስጠግቼ አይቼሻለሁ። ልሠራው ስነሣ ግን፣ ለካ ሳይ የኖርሁት አንቺን እንጂ እጅሽን አልነበረም። ዱቄቱ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ቅቤው መቼ እንደሚገባ አላውቅም። ነጠላሽን ወገብሽ ላይ እንዴት እንደምታስሪው፣ ዱቄቱ ግንባርሽ ላይ እንዴት እንደሚቀር፣ ፍሙን ስትቆሰቁሺ ለብቻሽ ምን እንደምታጉረመርሚ ግን አንድ በአንድ አውቃለሁ።

እንግዲህ ልምምድ ያስፈልገኝ ነበር። ኮኩ የሚበስለው ደግሞ ነሐሴ ሲገባ ነው፤ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ይገባል። ቅቤም አይብም እንቁላልም ያለበትን ነገር ጋግሬ እንዴት ልቅመሰው? በዚህ ጾም ሕፃናቱ እንኳ ሳይቀሩ ይጾሙ የለም ወይ? እንኳን መቅመስ፣ ቅቤ የነካ እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ነው የምታጠበው። ጭንቅ ሲለኝ ለንስሐ አባታችን ነገርኋቸው። ሳቁብኝ። ከአፍህ አታድርሰው እንጂ መጋገሩን ማን ከለከለህ፣ ለማይጾም ጎረቤት ስጥ አሉኝ። የማይጾም ጎረቤት ማን አለኝ ብዬ ሳስብ ዘይነብ ትዝ አለችኝ፤ አጥር የምንጋራት ሙስሊም ጎረቤታችን፣ የልብ ወዳጅሽ። ሥጋችሁ ባይገናኝም ዳቦና አይብ ስትለዋወጡ ነው የኖራችሁት። ሄጄ፣ አንቺ ቅመሽልኝ፣ እኔ እጋግራለሁ አልኋት። አይቡን ከራሷ ላም ሰጠችኝ። ወዲያው መምህር ማጀት ገቡ ተብሎ ሰፈሩ ወሬ አገኘ፤ በአጥር የሚያጮልቀው በዛ። ይዩ! ጭሱ ዓይኔን ሲያጠፋው ማንን ላፍር?

የመጀመሪያውን ስሠራ፣ ቅቤ ብዬ ያነሣሁት ሰናይት ለወጥ አንጥራ የላከችልኝን ነው። ቅቤ ያው ቅቤ ነው ብዬ! ኮሰረቱ፣ ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሁሉ አለበት። ዘይነብ አንድ ጎርሳ አፏን በሻሿ ያዘችና፣ መምህር፣ ዶሮዋ የት ሄደች አለችኝ። ሁለታችንም ከሳቅ ብዛት ዕንባችን መጣ። ያልተነጠረ ለጋ ቅቤ መሆን እንዳለበት ያን ዕለት ተማርሁ። በሁለተኛው ደግሞ አይቡ ውኃ ሆኖ ሊጡን አራሰው። አጓቱን አላጠለሉትም እንዴ፣ የሺ እኮ በነጭ ጨርቅ ቋጥራ በሩ ላይ ሰቅላ ነበር የምታሳድረው አለችኝ። አቤት ጉዴ! ያን ጨርቅ ስንት ዓመት ሳየው ልታደርቂው የሰቀልሽው ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ በሩን ጋረደብኝ ብዬ ባወርደው ተቆጥተሽኛል፤ ለምን እንደተቆጣሽ የገባኝ ገና ዘንድሮ ነው።

ሦስተኛው አማረ። ዳሩ ቀላ፣ ኮኩ ወዛ፣ ሽታው አጥር ተሻገረ። ምራቄን እየዋጥሁ ወሰድሁላት። አንዱን ቁራሽ ጨርሳ ሁለተኛውን አነሣች። እንዴት ነው አልኋት። ይጣፍጣል መምህር፣ ግን የሺ የምትሠራው አይደለም አለችኝ። ምን ጎደለው ብላት አሰበች አሰበችና፣ እኔ እንጃ፣ ጠፋብኝ አለች። አራተኛም አምስተኛም ጋገርሁ፤ መልሷ ያው ነው። ያን ጊዜ ፈራሁ የሺዬ። ስቀምሰው እለየዋለሁ፣ ጾሙ ይፈታ ብቻ እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። ልጆቹ ግን ገና አንድ ሲጎርሱ፣ በቃ የእማዬ ቤት ቀርቷል ብለው ጓዜን የሚሸክፉ መሰለኝ።

አሥራ ስድስት ደረሰ። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ያወርደዋል። ሰናይት በዋዜማው በአውቶቡስ ገብታለች፤ ደሳለኝ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደረሰ፤ ፍቅርተና ጌትነትም መጡ። አስቀድሰን ተመልሰን ሰናይት በሠራችው ዶሮ ጾማችንን ፈታን። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ አየ። ዳቦውን አቀረብሁ፣ ባርኬ ቆረስሁ፣ እኔም ጎረስሁ። ጣፋጭ ነው። አላምጬ አላምጬ አንቺን ፈለግሁሽ፤ አጣሁሽ። የባሰውን ልንገርሽ? የምፈልገው ጣዕም የትኛው እንደነበረ ራሱ ጠፍቶብኛል። ደሳለኝ ስኳር ነው ያነሰው ሲል፣ ፍቅርተ የለም፣ ኮኩ ሳይላጥ ነበር የሚገባው ስትል፣ የማንኛቸው እውነት እንደሆነ መፍረድ አቃተኝ። ሰናይት ቁራሿን መልሳ አስቀመጠች። አለቀልኝ አልሁ በልቤ።

በዚህ መሐል ያ ዝምተኛ ጌትነት ሌላ ቁራሽ አንሥቶ፣ የአባባን ዳቦ የመሰለ በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም አለ። ልጁ ሊያመሰግነኝ ነው፤ አንቺን መቼ አየሽና! ሰናይት ግን ተነሥታ ወደ በረንዳው ወጣች። የእኔም ደም ፈላ። በልጁ አይደለም፤ የአባባ ዳቦ መባሉ ነው ያንገሸገሸኝ። ለአንቺ ቀናሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንቺ የደከምሽበት ሁሉ በእኔ ስም ሊጠራ ነው! የእኔ አይደለም ልጄ፣ የየሺ ነው አልሁት። ፊቱ ቀላ። ቀስ ብሎም፣ እማማ የሺ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ አለኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። የሚያውቁሽ ሁሉ እንዳላዝን ብለው ስምሽን ይሸሹታል፤ ልጆቹም እንደዚያው፤ እኔም ለእነሱ ብዬ እሸሸዋለሁ። ጀመርሁ እንግዲህ! አንድ ዓይንሽን ታስረሽ ከባሕር ዳር ስትመለሺ መጀመሪያ ያየሽው ኮኳን እንጂ እኔን እንዳልነበረ፣ ስትቆጪ ዝም ብለሽ ቤት እንደምትጠርጊ፣ በእኔ ማላገጥ እንደማትከፊ። ደሳለኝ ተቀበለኝ። ፍቅርተ እያለቀሰችም እየሳቀችም ቀጠለች። በረንዳው ላይ ሆና ስትሰማ የቆየችው ሰናይት ገባችና፣ ምን ጎደለው ትላላችሁ፣ እማዬ እኮ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ጋግራ አታውቅም አለች። ስኳር ሲያልቅ በማር ሠርታለች። በረዶ ኮኩን ባረገፈው ክረምት በሙዝ ሠርታለች። አይቡ ሲያንሳት በእርጎ አብዝታዋለች። ባገኘችው ነበር የምትሠራው አለች።

እውነቷን ነው! እንዴት ጠፋኝ? ለካ ዘይነብና እኔ የከረምነው የሌለ አንድ ጣዕም ስንፈልግ ነው። ደረቴ ቀለል አለኝ፤ ደግሞ የባሰውን ናፈቅሽኝ፤ ሳላፍር በልጆቹ ፊት አለቀስሁ። ዝናቡ ቢያባራም ማንም አልተነሣም። ሰናይትም ስለ መሄዴ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በማግስቱ ስትሳፈር ግን፣ ለከርሞ አይቡንም ለጋ ቅቤውንም ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ አለችኝ። ቤታችን አልተዘጋም የሺዬ።

ጌትነት ሊሄድ ሲል እያፈረ፣ ለእናቴ የምወስድላት ቁራሽ ቢኖር አለኝ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት። መምህርነቱ መቼ ይለቀኛል፤ የማን ነው ብለህ ትሰጣታለህ ብዬ ጠየቅሁት። የእማማ የሺ ነው እላታለሁ አለኝ። ዛሬ እንግዲህ አርብ ገበያ ላይ አንቺን አይታ የማታውቅ ሴት በስምሽ ቆርሳ በልታለች። እኔ ደግሞ እንዳትጠፊብኝ ብዬ በሆዴ ቆልፌሽ ነበር፤ አሁን ተውሁት። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ፣ ለጎረቤትም ለእንግዳም፣ ላላየሽ ሁሉ፣ የሺ የምትባል ሚስት ነበረችኝ ብዬ እጀምራለሁ።

ባልሽ