ሰው የሌለበት ጭፈራ

ጥር 4 ቀን 1981
የሙሽራ ሳጥን ጨረስኩ። ለገለምሶ ሰው ነው። ማጠፊያው አይጮህም። የኔን ሳጥን የወሰደ ሌላ ሠሪ ፈልጎ አያውቅም።
ልጄ ዙለይኻ እየጻፈች ነው። በመሠረተ ትምህርት የተማረችው ፊደል እንዳይጠፋባት ነው የማስጽፋት። እኔስ ያለ ፊደል ምን ጎደለኝ?

ጥር 7
የጎረቤታችን የእናትነሽ ልጅ ወይንሸት መጣች። አባቷ በሶማሌው ጦርነት ሲሞት ኩባ ወስደው አሳደጓት። ዐሥር ዓመት... አማርኛዋ ተሰባብሮ ተመለሰች። ጉልበቷም። እዚያ ባሌት የሚሉት ጭፈራ ተምራ ነበር፤ በእግር ጣት ጫፍ ቆሞ መሽከርከር። ጉልበቷ ተጎዳና ቀረ።
የምትጨፍርበትን ጫማ፣ የቀሚስ ቁራጭና አንድ ፎቶ አመጣች። ፎቶው ላይ ጭኗ ይታያል። ፊቴን አዞርኩ። ወይንሸት ያለችውን ዙለይኻ አቃንታ ጻፈችው።
"እማዬ አቃጥለዋለሁ ትላለች። አባቷ የሞተባት ልጅ ራቁቷን አትጨፍርም ትላለች። አባባ፣ ባለመስታወት ሳጥን ይሥሩልኝ። ውስጡ በጣቷ የቆመች ልጅ ትሁን። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አትነካውም።"
ልጅ አልሠራም አልኳት። ነፍስ ያለው ነገር በእጄ አልቀርጽም። በቂያማ ቀን አላህ ፊት ነፍስ ዝራበት ብባል ምን ልመልስ?
"ታዲያ ያለ ሰው ምን ጭፈራ አለ?"
"እሱን ለኔ ተይው።"
ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም... ዙለይኻን ይህን አትጻፊ ብላት ጻፈችው።

ጥር 9
የጫማውን ጫፍ አንኳኳሁት። እንጨት ይመስላል። ለካ ጨርቅና ሙጫ ነው። የሠራው ሰው እጅ አለው።

ጥር 15
ፎቶውን ትቼ ጫማዎቹን ሳጥኑ ውስጥ በጫፋቸው አቆምኳቸው። ቀሚሱን ዙለይኻ ሽቦ ላይ ሰፋችው፤ በስስ ክር አንጠለጠልኩት። ምን ይመስላል? የልብስ ሱቅ። አልወደድኩትም።

ጥር 16
ከኋላ መልክ ማያ መስታወት አስገባሁ። ጠጋ ብዬ ሳይ፣ ከቀሚሱ በላይ የኔ ጢም! ዙለይኻ በሳቅ ወደቀች።
"አባ፣ አማረብህ!"
"ዝም ብለሽ ጻፊ።"

ጥር 20
ወይንሸት አየችው። ተረከዟን አነሳች፣ ጉልበቷ እምቢ አለ፣ መለሰችው። "ሰው አለበት ለካ" አለች።
ቤታቸው ወስጄ ራሴ ሰቀልኩት። በወይንሸት ቁመት። እናትነሽ እጇን አጣጥፋ ታየኛለች።
"ጋሼ አብዱልቃዲር፣ በዚህ ዕድሜዎ ከሕፃን ጋር አበዱ?"
"ሰው አለበት? የለበትም። ጭን አለበት? የለበትም። ታዲያ ምኑን ነው የምታቃጥይው?"
ወደ ጓዳ ገባች።

የካቲት 11
ወይንሸት አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ሄደች። ጫማዋ ግድግዳው ላይ ቀረ። ይቃጠል አይቃጠል... አልጠየቅኩም።

መጋቢት 12
እናትነሽ መጣች።
"ጋሼ፣ ያንን ሳጥን ዝቅ ያድርጉልኝ።"
"ምነው?"
"አጭር ነኝ። ፊቴ ከቀሚሱ በላይ የሚመጣው በጣቴ ስቆም ነው።"
መዶሻ ይዤ ሄድኩ። ከሳጥኑ ሥር በእበት የተለቀለቀው ወለል ተልጧል፤ የእግር ጣት በሚያርፍበት፣ ሁለት ቦታ። ምስማሩን ስይዝ፣
"ይተዉት" አለች።
"ዝቅ ላድርገው አላልሽም?"
"ይተዉት። ለምጄዋለሁ።"
ተመለስኩ። ዙለይኻ ምን ሠርተህ መጣህ አለችኝ። ምንም። ምንም ብለሽ ጻፊ።